ሲወለድ ያላለቀሰው ልጄ፣ በእኔ ጥፋት ነው?

«እትዬ፣ የምጽፍልዎ ከቡሬ ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ ነው። 23 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 52 ቀን ሆነኝ። ምጡ ዓርብ ማታ ቤት ያዘኝ። እሑድ ረፋድ ነው የተገላገልኩት። ጤና ጣቢያ የደረስኩት ዘግይቼ ነበር፤ እነሱም በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላኩኝ። ልጁ ሲወጣ አላለቀሰም። ሰውነቱ ጠቁሮ ነበር። በፊኛ ነገር አየር ሲሰጡት አይቻለሁ። በዚያው ሌሊት እጁና እግሩ ይንዘፈዘፍ ጀመር። 14 ቀን ጨቅላ ክፍል ተኛ። ፌኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት ይዘን ወጣን። «ታፍኖ አእምሮው ተጎድቷል» አሉኝ፣ ከዚያ ወዲያ ያስረዳኝ የለም።

አሁን ሲጠባ ቶሎ ይደክመዋል። ያነቀዋል፣ ወተቱም በአፍንጫው ይመጣል። ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። ልደብቅዎ አልፈልግም፣ የምተዳደረው አረቄ በማውጣት ነው። ማርገዜን ሳላውቅ ከደንበኛ ጋር እጠጣ ነበር፤ ካወቅሁ በኋላም መቅመሱን አልተውኩም። አማቴ «ልጁን በአረቄ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። በሌላ ቀን ደግሞ «ቡዳ ነው» ብለው መድኃኒቱ ይቁምና ግሽ ዓባይ ጠበል ይወሰድ ይላሉ። ቅቤም ካልዋጠ አይጠናም ይሉኛል። ባሌ ዝም ነው። ረቡዕ ቀጠሮ አለን፣ ልሂድ ወይስ ልቅር አላወቅሁም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ? ልጄስ ሰው ይሆናል?»

እህቴ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። አንዱ ግን ለነገ አይባልምና አስቀድሜ ልንገርሽ፤ መድኃኒቱን ዛሬ ማታ እንዳታቆሚ። ፌኖባርቢታል በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የተኛው መንዘፍዘፍ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል፣ ያውም ከበፊቱ ብሶ። ለአንዳንዱ ልጅ ገና ከሆስፒታል ሲወጣ ይቆምለታል፤ ለአንዳንዱ ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል። ያንን የሚወስነው ልጁን የሚያየው ሐኪም ነው። አማትሽም አይደሉም፣ እኔም አይደለሁም። ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ገና ሳምንት ሲቀረው አስቀድመሽ ተጨማሪ ያዢ። መንገዱ አንዳንድ ቀን እንደሚዘጋ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ።

እኔ ብዙ ዓመት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናት ኮሪደር ላይ አስቁማኝ «ልጄ እንዴት ነው?» አለችኝ። እየሮጥኩ ነበር። «አእምሮው ተጎድቷል» ብያት አለፍኩ። ይኸው ነው ያልኳት። በማግስቱ ወተት ልታልብለት አልመጣችም። ሰው ልከን ስንጠይቃት «ለተጎዳ ልጅ ወተት ምን ይፈይዳል?» አለች። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ልጁ ገና እየተዋጋ ነበር፤ ከእናቱ እጅ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የአንቺን ደብዳቤ ሳነብ «ከዚያ ወዲያ ያስረዳኝ የለም» የምትለው መስመር ላይ የቆምኩት። ስለዚህ እኔ ላስረዳሽ።

ልጅ ማሕፀን ውስጥ ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ኦክስጅኑን የሚያገኘው ከእንግዴ ልጁ በእትብቱ በኩል ነው። ምጥ ሲመጣ ማሕፀኑ በተጨማደደ ቁጥር ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ለትንሽ ጊዜ ይቀንሳል፣ ሲላላ ይመለሳል። ጤነኛ ልጅ ይህን ይችለዋል፣ የተፈጠረውም እንዲችል ነው። ምጡ ሁለት ሌሊት ሲያድር ግን ልጁ ትንፋሽ የሚሰበስብበት ፋታ እያጠረ ይሄዳል፣ አቅሙም ያልቃል። ሲወጣ አያለቅስም፣ ይዝላል፣ ይጠቁራል። ያየሽው ፊኛ አምቡ ባግ ይባላል። አዋላጆች ልጁ ካልተነፈሰ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ በእሱ አየር እንዲሰጡ ይማራሉ፤ ያቺን ደቂቃ ወርቃማዋ ደቂቃ ይሏታል። ልጅሽ ዛሬ ጡትሽ ላይ ያለው ያንን ፊኛ የያዘ ሰው ስለነበረ ነው።

የታፈነ አእምሮ ደግሞ ጉዳቱ በዚያችው ደቂቃ አያልቅም። ለጥቂት ሰዓት የተረጋጋ ይመስልና ከዚያ ሴሎቹ እንደገና መድከም ይጀምራሉ። በመጀመሪያው ቀን የሚነሳው መንዘፍዘፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። የአንቺ ልጅ ታሪክ፣ ረጅም ምጥ፣ ሳያለቅስ መወለድ፣ በፊኛ መተንፈስ፣ በዚያው ሌሊት መንዘፍዘፍ፣ አንድ ላይ ሲታይ የመታፈን ታሪክ ነው። አረቄ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲህ አይደለም።

ምናልባት ከከተማ የመጣ ዘመድ «ውጭ አገር ቢወለድ በማሽን አቀዝቅዘው ያድኑት ነበር» ይልሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ በሀብታም አገሮች እንዲህ የታፈነ ልጅ በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ ወደ 33.5 ዲግሪ ዝቅ ተደርጎ ለ72 ሰዓት ይቆያል፤ ለብዙዎቹም ጠቅሟል። ነገር ግን ይኸው ሕክምና በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲወጣ፣ የቀዘቀዙት ልጆች አልተጠቀሙም፤ እንዲያውም ከመካከላቸው የሞቱት በዝተው ተገኙ። ስለዚህ ያ ማሽን ቢኖር ኖሮ እያልሽ ሌሊቱን አታንጊው።

አረቄውንስ? እዚህ ላይ ልዋሽሽ አልፈልግም። እናት የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ልጁ ጋ ይደርሳል። የልጁ ጉበት ገና ስለሆነ ቶሎ አያስወግደውም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1968 በፈረንሳይ፣ በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ሐኪሞች ብዙ ከሚጠጡ እናቶች የተወለዱ ልጆች ላይ ተመሳሳይ ምልክት አይተው ጽፈዋል፤ የላይኛው ከንፈር ቀጭን ይሆናል፣ ከአፍንጫ ሥር ያለችው ቦይ ትጠፋለች፣ የዓይን ክፍተት ያጥራል፣ ጭንቅላትም ቁመትም ያንሳል። ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይም በኋላ ትምህርት የሚከብደው፣ አደብ የሚያጣ ልጅ አለ። እስከዚህ ቢጠጣ አይጎዳም የሚባል መጠን የለም፣ ጠላም ቢሆን። ስለዚህ «አረቄው ምንም አላደረገም» ብዬ አልምልልሽም። ግን ያ ዓይነቱ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ በዓመታት የሚታይ ነው እንጂ በምጥ ሌሊት ልጅን አያፍንም። አማትሽ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አስረዋቸዋል።

ደግሞስ ማን ነግሮሽ ነበር? ዳጉሳውን አብቅለሽ፣ ጌሾውን ወቅጠሽ፣ ድፍድፉን ጥለሽ፣ እሳት ላይ ቆመሽ የምታድሪበት እንጀራሽ ነው። ደንበኛ «ቅመሺና ስጭኝ» ሲል አለመቅመስ ገበያ ማጣት ነው። ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ክርስትና፣ ጠላ የሌለበት ቀን በእኛ አገር የቱ ነው? ለነፍሰ ጡርም «ጠላ ምግብ ነው» ሲባል ነው ያደግነው። ይህን የምለው ነገሩን ላቃልልልሽ አይደለም። ጥፋተኛ ፍለጋ ከተጀመረ በአንቺ ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም ለማለት ነው። ረቡዕ ለሐኪሙ እንደ ነገርሽኝ ንገሪው፤ ምን ያህል፣ እስከ ስንተኛው ወር። ሊገስጽሽ አይደለም የሚጠቅመው። የጭንቅላቱን ዙሪያ እየለካ፣ እድገቱን በዚያ ዓይን እንዲከታተለው ነው።

ከአሁን ወዲያ ግን አትቅመሺ። «ጠላ ለአራስ ወተት ያመጣል» ይሉሻል፤ እንዲያውም አልኮል ወተቱን የሚያወርደውን ሆርሞን ይይዘዋል፣ ልጁ የሚያገኘው ወተት ያንሳል። ወደ ወተቱም ይገባል። ቅመሺ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ሌላ ሰው ይቅመስለት። ጭሱም ሌላ ጣጣ ነው። አረቄ በምታወጪበት ቤት ልጁን ይዘሽ አትዋዪ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሳንባው በቀላሉ ይታመማል። እሳቱ ከሚነድበት ርቆ ሌላ ክፍል፣ ከሌለም ጎረቤት ቤት ይዋል።

ከሁሉ በላይ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ የምፈልገው አመጋገቡን ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ከአእምሮው ጉዳት ይልቅ ወተት ወደ ሳንባው ገብቶ ወይም ክብደት አጥቶ ነው የምናጣው።

መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አእምሮ ነው ተራ የሚያስይዛቸው። የተጎዳው አእምሮ ተራውን ያሳስተዋል፤ ሲውጥ ይተነፍሳል፣ ያን ጊዜ ያንቀዋል። ስለዚህ በጀርባው አስተኝተሽ አታጥቢው። ራሱ ከሆዱ ከፍ ብሎ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ሳይቀለበስ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ገባ ብሎ፣ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ሆኖ ያዢው። ጡትሽ በጣም ሞልቶ ወተቱ የሚፈናጠቅ ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ አልበሽ አውጪ፣ ከዚያ ይጥባ። አገጩን ከሥር በጣትሽ ደገፍ ብታደርጊለት አፉ ይረጋል። አንቆት ካሳለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አቁሚ፣ ወደ ፊት ዘንበል አድርጊው፣ ትንፋሹ ይመለስ፤ ቶሎ ካልተመለሰ ወደ ጤና ተቋም ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ መጥባት ለእሱ ድካም ብቻ ነው፣ ያገኘውን ጉልበት መልሶ ይጨርሰዋል። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። ሌሊትም ቀስቅሰሽ። መድኃኒቱ ራሱ እንቅልፍ ያበዛበታል፤ እንቅልፉ መጥባቱን ካሸነፈ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሪው፣ መጠኑ በክብደቱ ልክ የሚሰላ ስለሆነ ያየዋል።

ጡቱን ሳይጨርስ ሲደክም ቀሪውን በንጹሕ ሲኒ እለቢው። ጡጦ አትግዢ፣ ለማጠብ ያስቸግራል፣ ለአንዳንዱ ልጅ ደግሞ ወተቱ በላዩ ላይ ይሮጥበታል። ሲኒው በሳሙና ታጥቦ በፈላ ውኃ ይለቅለቅ። ልጁን ቀና አድርገሽ የሲኒውን ከንፈር ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፊና ወተቱ እስኪነካው ብቻ ዘንበል አድርጊው። ራሱ በምላሱ ይልሰዋል። አታፍስሺበት! እሱ በሚውጥበት ፍጥነት ነው የምትሄጂው። የታለበ ወተት ተሸፍኖ ጥላ ቦታ ከ4 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ይቆያል። እንዲህም ተሞክሮ ክብደት ካልጨመረ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ገብቶለት ሊመገብ ይችላል፤ ያንን ሲሉሽ ልጄ ሊሞት ነው ብለሽ አትደንግጪ። ሳንባው እያረፈ መዋጥ የሚማርበት ጊዜ ይሰጠዋል።

ቅቤ ግን በፍጹም። አውቃለሁ፣ ጎጃም ውስጥ ቅቤ ሳይውጥ ያደገ ልጅ አለ ወይ ትይኛለሽ። ጤነኛው ልጅ ስለሚውጠው ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ የአንቺው ልጅ ግን ወተት እንኳ የሚያንቀው ነው። ቅቤ ሳንባ ከገባ አይወጣም፣ እዚያው ተቀምጦ ይጎዳዋል። የአብሽ ውኃም፣ ስኳር በውኃም፣ ጤና አዳምም ያው ነው። እስከ 6 ወር የእናት ወተትና የታዘዘለት መድኃኒት ብቻ። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት የሚሉሽም ይመጣሉ፤ «ያነቀው እንጥሉ ነው» ይሉሻል። አይደለም። ደምና ቁስል ነው የሚተርፈው።

የሌሊቱ ጩኸት። በሌላው ዓለም እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ እንደ ሄሮይን ያለ ነገር የወሰዱ ሕፃናት አሉ፤ ሲወለዱ ሰውነታቸው የለመደውን ስለሚያጣ ይንቀጠቀጣሉ፣ በቀጭን ድምፅ ይጮኻሉ፣ እንቅልፍ ያጣሉ። የአንቺ ልጅ ያ አይደለም። ግን እነሱን በማስታመም የተገኘ አንድ ነገር ለአንቺም ይሆናል። በአሜሪካ በ26 ሆስፒታሎች የተደረገና እንደ ፈረንጆቹ በ2023 የወጣ ጥናት፣ ከመድኃኒት በፊት እናት አጠገቡ ሆና እንዲበላ፣ እንዲተኛና እንዲባበል የተደረገለት ሕፃን በአማካይ በ8.2 ቀን ለመውጣት ሲደርስ፣ በቀድሞው አሠራር የታከመው 14.9 ቀን ፈጅቶበታል። ለውጡ የመጣው ከአዲስ መድኃኒት አልነበረም። ጨለም ያለ ክፍል፣ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ የእናት ደረት ነበር።

እንዲህ አድርጊ። ልብሱን አውልቀሽ በዳይፐር ወይም በጨርቅ ብቻ፣ ኮፍያ አጥልቀሽለት፣ ባዶ ደረትሽ ላይ አስተኚው፣ ከላይ ጋቢ ደርቢ። እጆቹን ወደ አፉ ሰብሰብ አድርጊለት። ስትወዛወዢ ቀስ ብለሽ፣ በአንድ አቅጣጫ። እሹሩሩ እያልሽ ከሆነ እሹሩሩው ብቻ ይበቃል፤ በዚያው ላይ መታ መታ ማድረግ፣ መወዝወዝ፣ ብርሃን፣ የጎረቤት ወሬ ሲደራረብበት አእምሮው ይጨናነቃል። ስትጠቀልዪው እግሩን አጥብቀሽ አትሰሪ፣ ጉልበቱ እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ እንዲንቀሳቀስ ተዪው። አንቀልባውም ክፉ አይደለም፣ እግር መክፈቱ እግሩ ለሚገትር ልጅ ጥሩ ነው፤ ግን አንገቱን ራሱ መያዝ ሲችል እንጂ አሁን አይደለም። አሁን ቦታው ከፊት ነው፣ ደረትሽ ላይ።

ጩኸቱ ከአቅምሽ በላይ ሲሆን፣ ይሆናልም፣ ልጁን በጀርባው የማይወድቅበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኝተሽ ከክፍሉ ውጪ፣ ትንፋሽ ሰብስበሽ ተመለሺ። ትንሽ ቢያለቅስ አይሞትም። አትነቅንቂው። ሕፃን ሲነቀነቅ አእምሮው ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ ያለበት ይበቃዋል። ይህን ለባልሽም ንገሪው።

መንዘፍዘፉን ከሌላው መንቀጥቀጥ ለመለየት አንድ ቀላል ነገር አለ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን በቀስታ ያዢው። ስትይዢው ካቆመ ብዙ ጊዜ ተራ መርበትበት ነው። በእጅሽ ውስጥ እንዳለ ከቀጠለ መንዘፍዘፍ ነው። ዓይኑ በአንድ በኩል ተተክሎ መቅረት፣ አፉን እንደሚያላምጥ ማድረግ፣ እግሩን እንደ ብስክሌት ነጂ ማዞር፣ ትንፋሹ ለአፍታ መቆምም ሊሆን ይችላል። በጎኑ አስተኚው፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቺ፣ ክብሪት አታሽትቺው። ስልክ ካለ ሰው ይቅረጸው፣ ሐኪሙ ከሺህ ቃል ያንን ቢያይ ይመርጣል። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ወይም ከተደጋገመ፣ ወይም ከዚያ በኋላ ካልነቃ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ጡት እንቢ ካለ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባም እንደዚሁ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ስለ ጠበሉ። እኔም የማምን ሴት ነኝና አማትሽን «ተዉት» በያቸው አልልሽም። የምልሽ «ይቆየን» በያቸው ነው። ግሽ ዓባይ ያለበት ሰከላ ደጋ ነው፣ ብርዱን ታውቂዋለሽ። እንዲህ ያለ ሕፃን በቀዝቃዛ ውኃ ሲነከር ሙቀቱን መልሶ መያዝ ያቅተዋል፣ ብርዱ ብቻውን ሊወስደው ይችላል። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። አንዱ አንዱን አይከለክልም። ካህኑ ቤት መጥተው ጸሎት ያድርሱለት፣ ጠበሉ በእጃቸው ግንባሩን ይንካ፣ ወዲያው ይደረቅ። ግሽ ዓባይ የትም አይሄድም፣ ጠንከር ሲል በበጋ፣ በሞቀ ቀን ይዘሽው ትሄጂያለሽ።

ለአማትሽም አንድ ቃል። እናታችን፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ። እርስዎ ስንት ልጅ በእጅዎ አሳድገዋል። ፍርሃት እንደሆነ ያናገረዎ አውቃለሁ፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ግን የእርሷ ወተት ከደነገጠች ይሸሻል፣ ልጁ ደግሞ ያለው እሱ ብቻ ነው። እርስዎ የአረቄውን ነገር ትተው ገንፎውን ያገንፉላት፣ ሌሊት ለሁለት ሰዓት ያህል ልጁን ይቀበሏት። ከእርስዎ በላይ ልጅ ማባበል የሚያውቅ በዚያ ቤት ማን አለ?

ባልሽ ዝም ያለው ስለማይገደው ላይሆን ይችላል። ወንዶች ብዙ ጊዜ ምን እንደሚሠሩ ስለማያውቁ ነው በር ላይ የሚቆሙት። ሥራ ስጪው። ሸሚዙን አውልቆ ልጁን ደረቱ ላይ ይያዝ፣ ሙቀት የእናት ብቻ አይደለም። የመድኃኒቱን ሰዓት በስልኩ እሱ ይያዝ። ረቡዕ አብሮሽ ይግባ፣ በር ላይ አይቅር፤ ሐኪሙ የሚለውን በራሱ ጆሮ ሲሰማ ቤት ውስጥ የምትከራከሪው አንቺ ብቻ መሆንሽ ይቀራል።

«ልጄስ ሰው ይሆናል?» ልጄ፣ ሰው ነው። ይራመዳል ወይ፣ ይናገራል ወይ ማለትሽ ከሆነ በ52ኛ ቀኑ ማንም እርግጡን አይነግርሽም፣ ነገርኩሽ የሚልሽንም ሰው አትመኚው። ቀለል ያለ መታፈን የደረሰባቸው ብዙዎቹ ከእኩዮቻቸው ሳይለዩ ያድጋሉ። ከባዱ የደረሰባቸው ብዙዎች ደግሞ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው የሰውነት መገተርና የእንቅስቃሴ ችግር ይቀርባቸዋል። ያንቺው በመካከል ያለ ይመስለኛል፤ መንዘፍዘፍ ነበረው፣ ግን ዛሬ ደክሞም ቢሆን ይጠባል። የሕፃን አእምሮ ደግሞ ገና እየተሠራ ነው። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላ ይቀይሳል፣ ይህንንም የሚያደርገው በሚያየው፣ በሚሰማውና በሚዳስሰው ነገር ነው። ስለዚህ አናግሪው። ፊትሽን ከፊቱ አንድ ስንዝር ከግማሽ ያህል አቅርበሽ ቀስ ብለሽ ወደ ጎን ውሰጂው፣ ዓይኑ ይከተልሽ እንደሆነ እይ። የነጠላሽን ጥለት አሳዪው፤ በዚህ ዕድሜ ከቀለም ይልቅ እንደ ነጭና ጥቁር ጎልቶ የሚለይ ጠርዝ ነው ዓይኑን የሚይዘው። ሲነቃ ደረትሽ ላይ በሆዱ አስተኝተሽ ስሙን ጥሪው፣ ራሱን ቀና ለማድረግ ይታገላል፣ ያ ትግል ትምህርቱ ነው።

በ3 ወሩ እጁ ሁልጊዜ ተጨብጦ ከቀረ፣ በ4 ወሩ ራሱን መያዝ ካልቻለ፣ ቀና አድርገሽ ስትይዢው እግሩ እንደ መቀስ ከተቆላለፈ፣ ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ ከመረጠ፣ «ይደርሳል» እያልሽ አትጠብቂ። ፊዚዮቴራፒ ቶሎ የተጀመረለት ይጠቀማል። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል እንዲልኩሽ ጠይቂ። የጤና መድኅን ካርዳችሁን አሳድሱ፣ የሪፈር ወረቀቱንም ሳትይዢ አትነሺ። የጆሮና የዓይን ምርመራም ጠይቂለት፤ መታፈኑም፣ ጨቅላ ክፍል ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዱም ጆሮ ሊነካ ይችላል፣ ያልሰማ ልጅ ደግሞ «አእምሮው ነው» ተብሎ ዝም ብሎ ይቀራል።

ስለ ራስሽ አንድ ነገር አልጻፍሽም። እንቅልፍ ልጁ ሲተኛም እንቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ልጁን ስታዪው ምንም ካልተሰማሽ፣ ወይ ደግሞ «ሁለታችንም ብንሞት» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ያ ክፋት አይደለም፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፣ ይታከማል። ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሪያት። የሞት ሐሳቡ ካለ ግን ረቡዕን አትጠብቂ፣ ዛሬ ሰው አስከትለሽ ሂጂ።

ለሚቀጥለው ልጅ ጊዜ አለ፣ ሰውነትሽ ይረፍ፣ መከላከያውን ከዚያው ጤና ጣቢያ ያዢ። ሲመጣ ግን ክትትል ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ፣ አረቄ ሳይቀመስ፣ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ደግሞ የእናቶች ማቆያ ገብተሽ። ምጥ ቤት እንዲይዝሽ አትጠብቂ።

ረቡዕ ሂጂ። የመድኃኒቱን ዕቃ ይዘሽ፣ ስንት ጊዜ እንደጠባ፣ ስንቴ እንዳነቀው፣ ስንት ጨርቅ እንዳረጠበ ባልሽ በወረቀት ጽፎ። ሐኪሙን «መድኃኒቱ እስከ መቼ ነው? ክብደቱ በቂ ነው? መዋጡን ማን ያይልኛል?» ብለሽ ጠይቂው፣ ካልገባሽ ድገምልኝ በይው። ስንት ኪሎ እንደሆነ ጻፊልኝ።